የኦቦ ዲንሳ ቀኝ እግር

የኦቦ ዲንሳን ሞት የሰማሁት ነዳጅ ወረፋ ላይ ነው። ከፊቴ የቆመው የሚኒባስ ሾፌር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ እያየ፣ «ጋዜጠኛው፣ ሰምተሃል? ዲንሳ ፍሬን አረፈ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?» አልኩት። የሥራ ልማድ ነው፤ ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ወሬው ከማን እንደመጣ ነው። ሾፌሩ አልተቀየመኝም።

«ገመዳ ነው፣ አብሮት የሚሠራው። ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው አለኝ።»

ወረፋው ተንቀሳቀሰ። እሱ ትንሽ ሄዶ ፍሬኑን ረገጠ፤ እኔም ተከትዬው ሄጄ ረገጥኩ። የሁለታችንንም ፍሬን የሠራው ዲንሳ ነበር።

በነቀምቴ መካኒክ የሆኑ ሁለት ዲንሳዎች ነበሩ። ሞተር የሚፈታውን ዲንሳ ሞተር፣ የኛውን ዲንሳ ፍሬን ይሏቸዋል። የኛው ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በሦስት በኩል ብቻ ግድግዳ ያለው የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረው። ሞተር አይነካም፣ መሪ አይነካም፣ የኤሌክትሪክ ነገር አይነካም። ለምን ሲባል፣ «መኪናው አልነሳ ካለ ሰው ቤቱ ይቀራል። አልቆም ካለ ግን ቤቱ አይገባም። እኔ የሁለተኛው ሠራተኛ ነኝ» ይል ነበር። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ቱታው ላይ ኮት ይደርባል። በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ስለሆነ ሰው ድንገት ለጸሎት ወይም ለእርቅ ይጠራዋል፣ ኮቱ ለዚያ ነው። በዕድሜ የሚበልጠኝ በጥቂት ስለነበር አንተ እንባባላለን፤ ኦቦ የምለው ከተማው ሁሉ ስለሚለው ነው።

መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው የቀኝ እግሩን ጫማ ማውለቅ ነው፣ ከነካልሲው። ጫማውን መኪናው ጣሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ባዶ እግሩን ፔዳሉ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ጊዜ ጫማውን የአንድ ላንድክሩዘር ፖርቶ መጋላ ላይ ረስቶት ባለቤቱ አርጆ ከተማ ድረስ ይዞት ሄደ። በማግስቱ በአውቶቡስ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተመለሰለት። «አርጆን ሳላያት ጫማዬ ቀድሞኝ አያት» እያለ ለብዙ ጊዜ ሲስቅ ነበር።

እኔን ወደ ጋራዡ ያመላለሰኝ ግን ከእግሩ ይልቅ አጠያየቁ ነው። ሾፌሮች ሲመጡ ምርመራቸውን ጨርሰው ነው የሚመጡት። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ገብቶ እንዲህ ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ፖምፓው ሄዷል።»

«ሚቲ» አለ ዲንሳ፤ አይደለም ማለቱ ነው። «ፖምፓው የት ይሄዳል? እኔ የጠየቅኩህ እግርህ ያገኘውን ነው።»

«እግሬማ… ስረግጠው ይገባል።»

«እንዴት ነው የሚገባው? ባንዴ? ሁለተኛ ስትደግመው ከፍ ይላል?»

«አይልም። መንገድ ላይ ቆሜ ረግጬ ስይዘው ቀስ እያለ ይወርዳል።»

«ኤጋ፣ እንግዲህ! ይሄን አትልም ነበር?»

ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ዲንሳ አብራራልኝ። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ፔዳል ዘይቱ፣ ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው ፖምፓ ውስጥ፣ እያመለጠ ነው ማለት ነው። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ አየር ገብቷል። ሁለቴ ሲረገጥ ብቻ የሚይዝ ከሆነ የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ታምቡር ርቋል። ስለዚህ ሾፌሩ ትክክል ነበር፣ ፖምፓው ነበር የተበላሸው። ለምን አላመንከውም አልኩት። «ልክ መሆኑን አላወቀም ነበራ» አለኝ። ሰው «ይመስለኛል» ሲለው፣ «የመሰለህን ሻይ ስንጠጣ ትነግረኛለህ» ይለዋል። አንዱን ነጋዴ እንዲህ ሲያፋጥጠው ቆይቶ፣ ከፔዳሉ ሥር ተግጦ የተጣለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አውጥቶ በእጁ ሰጠው። ነጋዴው ሌላ ጋራዥ ፖምፓ እንዲቀይር ነግረውት ነው የመጣው።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረው፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው። ከገጠር የሚመጣ ደንበኛ እጁን አያንጠለጥልም፤ በቆሎ፣ ማር፣ አንዳንዴ ዶሮ ይዞ ይመጣል። ዲንሳ ስጦታ ሲመጣለት የያዘውን ሥራ ጥሎ ይወጣል፣ ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ይታጠባል፣ ያደርቃል፣ ከዚያ በሁለት እጁ ይቀበላል። ተቀብሎም ጋራዡ ውስጥ አያስቀምጠውም፤ ያንኑ ጊዜ ወደ ቤቱ ይልከዋል። መኪና በክሪክ ተነስቶ፣ ባለቤቱ እየተቁነጠነጠ ቢቆምም እጁን ሳይታጠብ አይቀበልም። አንዳንዱ ጨዋነቱን ያደንቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሥራ ያስፈታል ብሎ ያማዋል። ይህ ልማድ ሁልጊዜ አልነበረውም። መቼ እንደጀመረ አውቃለሁ፣ በቦታው ነበርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። የኔ መኪና አሮጌ ዲኤክስ ናት፣ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ብዙ ባለቤት አሳልፋለች። ፔዳሏ ጠባዩን ቀይሮብኝ ወደ ዲንሳ ወሰድኳት። ጫማውን አውልቆ ጣሪያዋ ላይ አስቀመጠና ጥያቄውን ጀመረ።

«ጠዋት ስታስነሳት?»

«ደህና ናት። እንደ ድሮዋ።»

«ከነዳህ በኋላስ?»

«ፔዳሉ ከፍ ይልና ይጠጥራል፣ ግንድ እንደመርገጥ ነው። መኪናዋም ከኋላ የሚጎትታት ነገር ያለ ይመስላል።»

«ይመስላልን ተው።»

«በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ከቤቴ በታች ያለው ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቼ ለቀቅኳት። አልተንከባለለችም።»

«ጋሪዳ» አለ፣ ጥሩ ነው ማለቱ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ረገጠ። ሁለተኛ ረገጠ። ከዚያ ወርዶ በየጎማው ዞረና መዳፉን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ። አራቱም ይፋጃሉ። ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን ፈታ። ከክዳኑ ሥር ያለው ጎማ አብጦ፣ ውሃ እንደነካው ካርቶን ተወላግዷል። ዲንሳ ጎማውን በሁለት ጣቱ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ገመዳ፣ በብርጭቆ ውሃ አምጣልኝ።»

ገመዳ ለዓመታት አብሮት የሠራ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። «ጠማዎት ኦቦ?» እያለ አመጣለት። ዲንሳ ጨርቅ የጠቀለለበትን ሽቦ ዘይቱ ውስጥ ነክሮ ብርጭቆው ላይ አንጠባጠበ። የፍሬን ዘይት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ምንም አይታይም። ሌላ ዘይት ከሆነ ይንሳፈፋል። የኔ መኪና ዘይት ግማሹ ጠፋ፣ ግማሹ ውሃው ላይ ቢጫ ክብ ክብ እየሠራ ቀረ። ዲንሳ ጣቱን ነክሮ አሸተተ፣ ብርጭቆውንም ለገመዳ ሰጠው።

«ወጥ ወጥ ይላል!» አለ ገመዳ፣ ሳቀም።

ዲንሳ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ። «ለመጨረሻ ጊዜ የፍሬን ዘይት የጨመረልህ ማን ነው?»

«አንተ።»

«ከኔ በኋላ ኮፈኑን የከፈተ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቁልፉን ለማንም አልሰጠሁም።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ መደርደሪያው ሄደ። የፍሬን ዘይት የሚገዛው በጀሪካን ነው፣ ወደ ውሃ ላስቲክ ጠርሙሶች እየገለበጠ ይጠቀማል። በዚያ ሰሞን መደርደሪያው ላይ የነበሩት ጠርሙሶች ሁለት ነበሩ፣ ሁለቱም ጎደል ያሉ፣ ሁለቱም ቢጫ። ሁለቱንም ወደ ብርሃን አወጣቸው፣ አሸተታቸው፣ ከዚያ አንዱን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለ።

የኑግ ዘይት ነበር። ያመጡለት አዴ ብልሌ የሚባሉ የአርጆ እናት ናቸው። ልጃቸው ቶለራ አሮጌ ፒክአፕ አለው፣ አርጆና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ሰውና እህል ያመላልሳል። አንድ ጊዜ ታመው በዚያ ፒክአፕ ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ፍሬኑ ነቀምቴ መግቢያ ላይ ተበላሽቶ፣ ዲንሳ ሥራ ዘግቶ ካለበት ተነስቶ ሠርቶላቸዋል። ከዳኑ በኋላ ልጃቸው ሸራ ሊያስቀይር ሲመጣ አብረው መጥተው ምስጋናቸውን አቀረቡ። ዲንሳ ያን ጊዜ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነበር። ስጦታ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት፣ በቆሸሸ እጅ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ «ሃዳ ኮ፣ እጄ ቆሻሻ ነው፣ እዚያ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡልኝ» አላቸው። ሃዳ ኮ እናቴ ማለት ነው። እሳቸውም አስቀመጡ። መብራት ጠፍቶ ነበር፣ አጠገቡ ያለው ጋራዥ መኪና ቀለም እየረጨ ስለነበር ከቀለም ሌላ የሚሸት ነገር አልነበረም። ዲንሳ የቶለራን ሸራ ቀይሮ ሲጨርስ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ፣ ያገኘውን ጠርሙስ አንስቶ ሞላ።

ይህን ሁሉ ቁጢጥ እንዳለ፣ ቀስ እያለ፣ ለራሱ እንደሚያስታውስ ሰው ነገረን።

ገመዳ መጀመሪያ ወደ መንገዱ አየ፣ የሰማ ሰው እንዳለ። «ኦቦ፣ ከኛ ሌላ ማንም አላየም። ከሱቅ የመጣው ዘይት ተበላሽቶ ነው እንበል። ጋዜጠኛው የኛው ሰው ነው።»

«ሱቁ ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም። ግን ስምዎት ነው! ዲንሳ ፍሬን የወጥ ዘይት ሞላ ከተባለ ነገ ሰው ሌላ ጋራዥ ይሄዳል።»

«ይሂድ» አለ ዲንሳ። «ፍሬን ይዞ ይሂድ።»

ከዚያ ማሰብ ጀመሩ። ዲንሳ ሰው ከማስታወስ ፔዳል ማስታወስ ይቀለው ነበር። ከዚያ ጠርሙስ የሞላው ለቶለራ፣ ከዚያ ለእኔ፣ ከዚያ ደግሞ «ፔዳሉ ላይ ያለው ላስቲክ በግራ በኩል የተበላ፣ ነጭ» አለ። ገመዳ የአንድ መምህር መኪና መሆኗን አወቀ። መምህሩ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ከጋራዡ በታች ተከራይቶ የሚኖር ሰው ነው። ገመዳ ሄዶ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ቆማ አገኛት፣ ቁልፉን ይዞ ተመለሰ። «ሌላ የረሳሁት ሊኖር ይችላል» አለ ዲንሳ። ያስጨነቀው ግን ቶለራ ነው።

ምክንያቱን ለእኔ ያስረዳኝ እጁን እየጠረገ ነው። የምግብ ዘይት ፖምፓው ውስጥ ያለውን ጎሚኒ፣ ዘይት የሚያግደውን ላስቲክ፣ ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ የተረገጠውን ፍሬን አይለቅም። ሸራው ከታምቡሩ ጋር እየተፋተገ ይግላል። ከተማ ውስጥ መኪናው ቢከብድ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ሙቀቱ ዘይቱን ያፈላዋል፣ ያ ግንድ የነበረ ፔዳል ድንገት ባዶ ይሆንና ወለሉን ይነካል። ቶለራ ደግሞ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሰው ጭኖ ከአርጆ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ስልክ ሞከርን፤ በዚያ ሰሞን የአርጆ ኔትወርክ አይሠራም ነበር። ከመሸ ደግሞ መንገድ አይኬድም፣ ጠዋትም ኬላው እስኪከፈት ይጠበቃል። ዲንሳ ከመዘጋቱ በፊት ሱቅ ሄዶ ለሦስቱም መኪና የሚሆን ጎሚኒና ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት ገዛ።

እሑድ ጠዋት ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የመፍቻ ከረጢቱን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለሁም፣ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። መዘምራኑ ከመነሳታቸው በፊት ማስታወቂያ አለኝ ብሎ ወደ ፊት ወጣ። የተናገረው በኦሮምኛ ነው፣ አጭር ነበር።

«ወንድሞችና እህቶች፣ አካም ቡልተኒ። ጋራዤ ውስጥ ጠርሙስ ተሳስቼ መኪና ላይ የማይሆን ዘይት ሞልቻለሁ። ስህተቱ የኔ ነው፣ የሱቅም የሠራተኛም አይደለም። በዚህ ወር እኔ ዘይት የጨመርኩላችሁ፣ ወይም የተጨመረለትን ሰው የምታውቁ፣ ፔዳሉ ከጠጠረ ቁልቁለት እንዳትወርዱ። ወደ ገመዳ አምጡት፣ በነጻ እንቀይራለን። አሁን አርጆ አንድ መኪና አለ፣ እሱን ልደርስበት ነው። ጸልዩልኝ።»

ሰው ተንጫጫ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ትልቅ ነጋዴ ዞር ብሎ ለጎረቤቱ አንድ ነገር ሹክ ሲል አየሁ። ዲንሳ በመካከላቸው አልፎ ወጣ። የዘይቱን ዓይነት አልተናገረም። ያን ጊዜ አፍሮ መስሎኝ ነበር።

የተኮናተርነው ሚኒባስ ሾፌር፣ በኋላ ነዳጅ ወረፋ ላይ ያገኘሁት ማለት ነው፣ ማስታወቂያውን ሰምቶ ነው የጠበቀን። ዲንሳ እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ የሱን ፔዳል ሳይሞክር አልሳፈርም አለ። ሾፌሩ ክንዱን አጣምሮ ቆሞ፣ «የኔንስ በምን ሞሉት ኦቦ? በቅቤ ነው በማር?» አለው።

«ያንተን በእንባ ነው። ሒሳብ ስትከፍል ያለቀስከውን» አለ ዲንሳ።

አርጆ ስንደርስ ጸሎት አልቆ ሰዉ እየወጣ ነበር። ፒክአፑ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሟል። ሸለቆው ውስጥ ለቅሶ ስለነበር የጭነቱ ቦታ በሰው ሞልቷል፣ አዴ ብልሌ ጋቢና ተቀምጠዋል። ቶለራ ቆቡን ወደ ኋላ አድርጎ ጎማ እየረገጠ ያያል። ዲንሳን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ኦቦ ዲንሳ! አካም ጅርቱ! በምን እግር መጡ? ፍሬኑን ልንገርዎት፣ ከቀን ቀን እየጠነከረ ነው የሄደው። እንደዚህ ጠንክሮ አያውቅም። ማን ሠራልህ ላለኝ ሁሉ እርስዎን ነው የምጠራው።»

«ለስንት ሰው ነግረሃል?»

«ያልነገርኩት የለም።»

«እንግዲህ ለሁሉም አበላሸው በልልኝ። ይሄ መኪና ዛሬ አይሄድም፣ ሰው ይውረድ።»

ቶለራ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ ተቆጣ። «ኦቦ፣ ሰው ለቅሶ ይጠብቃል! መኪናው ደህና ነው፣ እኔ ነኝ የምነዳው!» ከላይ ከተሳፈሩት አንዱ ወፍራም ሰው፣ «ነቀምቴ ሥራ ጠፋ እንዴ? ደንበኛ ፍለጋ እስከዚህ መጣ!» ሲል ሁሉም ሳቁ። ማንም አልወረደም።

ዲንሳ አልተከራከረም። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ ጆግ ውሃ አስመጣ። ቶለራ ሰዎቹን የሰበሰበው ከላይኛው ሰፈር ነው፤ ገና አሁን ነው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የደረሰው፣ የወረደውም አጭር ቁልቁለት ብቻ ነው። ዲንሳ ጎንበስ ብሎ ውሃውን በኋላኛው ጎማ ታምቡር ላይ አፈሰሰው። ውሃው ጮኸ፣ እንፋሎቱም ተነስቶ ጭነቱ ላይ ያሉትን ሰዎች እግር ሸፈነው። የተቃጠለ ሸራ ሸተተ። መጀመሪያ የዘለለው ያ ወፍራሙ ሰው ነው። ከዚያ ማንም ሳይጠየቅ ሁሉም ወረዱ።

ቶለራ ጎማውን እያየ ቆመ። «በዚህ ፍሬን ባለፈው እሑድ ዴዴሳ ወርጃለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ሃያ ሰው ጭኜ።»

«አውቃለሁ» አለ ዲንሳ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ጋቢናው በር ላይ ሰቀለ።

ለቀስተኞቹን የኛ ሚኒባስ እየተመላለሰ አወረዳቸው። ዲንሳ ሱሪውን ሰብስቦ መኪናው ሥር ገባ። ያወጣውን አሮጌ ጎሚኒ ከአዲሱ ጋር አጠጋግቶ ለቶለራ አሳየው፤ አብጦ ከገባበት ቤት አልወጣም ብሎ ነበር። አዴ ብልሌ ሳይሄዱ ቀርተው አጠገባችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዲንሳ፣ መኪናው ምን ሆኖ ነው?» አሉት።

«ጠርሙስ ተሳስቼ ነው ሃዳ ኮ። የማይሆን ዘይት ሞላሁበት።»

«የምን ዘይት?»

«ጋራዥ ውስጥ የነበረ ነው።»

አዴ ብልሌ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ሰው ቀና አሉ። «ዘይት ስትል አስታወስከኝ። ያመጣሁልህን ቀመሳችሁት? ኑጉን በእጄ ነው የለቀምኩት፣ ሲጨመቅም ራሴ ቆሜ ነው።»

ዲንሳ ከመኪናው ሥር ወጣ። እኔ ፊቱን እያየሁ ነበር። «ይመስለኛል» የሚል ሰው የማይወድ፣ ጠዋት በጉባኤ ፊት ስህተቱን በቃሉ የተናገረ ሰው ነው። ያ ጠርሙስ ከጋራዡ ወጥቶ እንደማያውቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጣፋጭ ነበር፣ ሃዳ ኮ» አለ። «ገላቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«እንግዲህ አዲሱ ሲደርስ ደግሞ አመጣልሃለሁ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ሥራው ሲያልቅ ዲንሳ ፔዳሉን በባዶ እግሩ ሞከረ፣ ቶለራንም ጫማውን አስወልቆ አስሞከረው። «ለሰለሰ» አለ ቶለራ፣ ቅር ብሎት። «እንደዚህ ነው የሚሆነው» አለው ዲንሳ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ዘይቱን ቀምሳችሁት ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት። መልሱን እያወቅኩ ነው። «አንተ ደግሞ ሁሉን ትጠይቃለህ» አለኝና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

ከማስታወቂያው በኋላ አንድ ሌላ መኪና ተገኘ፣ እሱም ተሠራ። ገመዳ የፈራው ደረሰ፣ ለወራት ጋራዡ ጭር አለ። የመጡትም እየቀለዱ ነው የመጡት። «ዛሬ በምን ነው የምትሞላልን?» ሲሉት ጠርሙሱን አፍንጫቸው ሥር አቅርቦ «አሽትት» ይላል፣ ካላሸተቱ አይሞላም። ጠርሙሶቹን ቀይ ቀለም ቀባቸው። እጁን መታጠብ የጀመረውም ያኔ ነው። አዴ ብልሌ በየዓመቱ አዲስ ዘይት ይዘውለት ይመጡ ነበር፤ ሲመጡ ሥራ ጥሎ፣ ታጥቦ፣ በሁለት እጁ ይቀበላቸዋል። ምክንያቱን ሳያውቁ ከሱ ቀድመው አረፉ። እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ይህን አልጽፈውም ነበር።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሾፌር ነበር። ቶለራ ከአርጆ መጥቶ ከገመዳ ጋር ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄጄ ከባለቤቱ ከአዴ ጫልቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸው ባላቸውን በመጀመሪያ ልጃቸው ስም አባ ሌንሳ ነው የሚሉት። ስለሱ ልጽፍ እንደማስብ ነገርኳቸውና፣ አርጆ የሄድንበትን እሑድ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እንዴት ይረሳል? ያን አንድ ሙሉ ልብሱን ግራሶ አድርጎት መጣ።»

«ምን አለዎት?»

«ምንም። በጋራዡ በኩል ዞሮ ነው የመጣው፣ ግማሽ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ይዟል። በዚህ ሽሮ ሥሪልኝ አለኝ። ቤት ውስጥ እኮ ዘይት አለ አልኩት። ሚቲ፣ በዚህ ነው፣ አሁኑኑ አለኝ። ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ተቀምጦ ጠበቀ።»

«በላ?»

«ጨርሶ በላ እንጂ! አባ ሌንሳ ምግብ አመስግኖ አያውቅም፣ ያን ቀን ግን ጣፋጭ ነው አለ። ሁለቴ ነው ያለው።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «አንተ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሥራው የሽሮውን ትጠይቀኛለህ?»

አዎ አልኳቸው፣ እሱን ነው ማረጋገጥ የፈለግኩት። ለአዴ ብልሌ ጣፋጭ ነበር ያላቸው ቀን ነው፣ የበላው ማታ ነው። በሰዓት ካየነው ወደ ኋላና ወደ ፊት ሆኗል። ቃሉ ግን እውነት ነው፤ ከምስክር ሰምቼ አረጋግጫለሁ።